34 ጥያቄና አንዲት ጎማ፦ የአንድ ግምገማ የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 4

ሥራው ተገኘ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በአንድ ወረዳ፣ የገጠር የእጅ ፓምፖችን የሚጠግን ፕሮጀክት አለ። ሦስተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ነው። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች «የማጠቃለያ ግምገማ» ይሠራልን ብለዋል። የወረዳውንም የድርጅቱንም ስም አልጽፍም። እዚህ የምመዘግበው የራሴን አሠራር ነው።

ቢጋሩን፣ ማለትም ከግምገማው የሚፈለገውን የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ትናንት ማታ አነበብኩት። ጥያቄዎቹን ቆጠርኩ፤ 34 ናቸው። በስድስቱ የታወቁ መመዘኛዎች ሥር ተደርድረዋል፦ ተገቢነት፣ ትስስር፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተጽዕኖ፣ ዘላቂነት። መመዘኛዎቹ ኦኢሲዲ ከሚባለው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ ከልማት ድጋፍ ኮሚቴው የመጡ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ሲወጡ አምስት ነበሩ፤ በ2019 ትስስር ተጨምሮ ስድስት ሆኑ። በራሳቸው ክፋት የላቸውም። ክፋቱ እኛ እንደ ዳዊት ከላይ እስከ ታች ሳንዘል መድገማችን ነው።

ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ሪፖርት ጽፌ ነበር። 96 ገጽ። ባለፈው ዓመት በዚያ ቢሮ ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ። ሪፖርቴን አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ኮምፒውተሩ ስክሪን ሥር ነው ያለው፣ ከፍ እንዲያደርገው። ባለሙያው ሲያየኝ አላፈረም። «ልክ ልኩን ነው የመጣው፤ አንገቴን አዳነኝ» አለኝ ከልቡ። ሳቅን። ማታ ላይ ግን አልሳቅኩም።

እናም በዚህኛው ሥራ አንድ ነገር ልሞክር ነው። ከጥያቄ ሳይሆን ከውሳኔ እጀምራለሁ። ማን፣ መቼ፣ ምን ሊወስን ነው? እንዴት እንደሚሄድ እዚሁ እየጻፍኩ አያለሁ።

መጋቢት 9

ወረዳው ደረስኩ። ከደብረ ብርሃን የተነሳው ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ አንዴ ለጎማ፣ አንዴ ለሾፌሩ ቡና።

የውሃ ጽህፈት ቤቱ ኃላፊ በደንብ ተቀበለኝ። ከዚያ «ለግምገማ ነው የመጣሁት» አልኩ። ፊቱ ተለወጠ። ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠና «ምን ጉድለት ተገኝቶብን ነው?» አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አገር ግምገማ የሚለው ቃል የራሱ ታሪክ አለው። ግምገማ ማለት አዳራሽ ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ ነው፤ ባልደረባህ ተነስቶ የሚናገርብህ፣ አንዳንዴም ከወንበርህ የምትነሳበት ስብሰባ ነው። ወረቀት ላይ «ክትትልና ግምገማ» ብለን ስንጽፍ ሌላ ነገር እያሰብን ነው። የሚሰማው ሰው ግን የሚሰማው የድሮውን ነው። ስለዚህ አቀራረቤን ቀየርኩ። «ሰው ልመዝን አልመጣሁም። ፓምፖቹን ልናይ ነው» አልኩት። ትከሻው ወረደ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ እቅድ አፈጻጸም ነገረኝ። ሁሉም ከእቅድ በላይ ነው። አልተከራከርኩም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «ከአሁን እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ በዚህ ሥራ ላይ እርስዎ መወሰን ያለብዎት ነገር ምንድን ነው?»

ዝም አለ። እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንደኛ፣ ፕሮጀክቱ ሲወጣ የጠጋኞቹን ቤንዚንና አበል ማን ይከፍላል? ወረዳው ከሆነስ ስንት ይጠይቅ? ሁለተኛ፣ መለዋወጫ ወረዳው ከተማ ላይ ብቻ ይቀመጥ ወይስ ሩቅ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች ላይ መጋዘን ይከፈት? ሦስተኛ፣ የውሃ ኮሚቴው መዋጮ የማይሰበስብበት ሰፈር ፓምፑ ሲሰበር ይጠገን ወይስ አይጠገን?

ከ34ቱ ጥያቄዎች አንዱም እነዚህን በቀጥታ አይነካም።

«የበጀት ረቂቁ መቼ ይወጣል?» አልኩት። «ሰኔ 10 ለገንዘብ ጽህፈት ቤት እናስረክባለን።» የኔ ውል ላይ የመጨረሻው ሪፖርት የሚገባው ሐምሌ 30 ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1። ሰርገኛው ከሄደ በኋላ በርበሬ ቀንጥሱ ልባል ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 13

ከድርጅቱ የክትትል ባለሙያ ጋር በስልክ አንድ ሰዓት ተኩል ተነጋገርን። ጎበዝ ሴት ናት፤ ግን መሃል ላይ ነው የቆመችው። «ወንድሜ፣ ለጋሾቹ 34ቱንም ይፈልጋሉ። እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እንዲህ ተስማማን። መስክ የምንወጣው ለሦስቱ የውሳኔ ጥያቄዎች ብቻ ነው። የቀሩት ከሰነድና ከቢሮ ቃለ መጠይቅ ይመለሳሉ፤ በአባሪ፣ በሠንጠረዥ፣ ባጭሩ። የመስኩ ግኝት ደግሞ ሙሉ ሪፖርቱን ሳይጠብቅ በግንቦት መጨረሻ ይቀርባል።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ማይክል ክዊን ፓተን የሚባል አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የግምገማ ጥሩነት የሚለካው ትክክለኛዎቹ ሰዎች ለትክክለኛው ነገር በመጠቀማቸው ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹን በስም ለይተህ ተነስ። «ባለድርሻ አካላት» የሚል ስም ያለው ሰው ግን የለም። እኔ ደብተሬ ላይ አራት ሰው ጻፍኩ፦ ኃላፊው፣ የጥገና የሥራ ሂደት ባለሙያው፣ የገንዘብ ጽህፈት ቤቱ የበጀት ባለሙያ፣ የመጋዘን ሠራተኛው። የመጨረሻው ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ ገና አላውቅም። የመለዋወጫው ቁልፍ በእሱ እጅ መሆኑን ሳይ ነው የጨመርኩት።

መጋቢት 18

የባዶ ሠንጠረዥ ቀን። ይህን ዘዴ ማንም ይስረቀኝ።

መረጃ ከመሰብሰባችን በፊት ውጤቱ የሚቀርብባቸውን ሠንጠረዦች ሠርቼ አተምኩ። ርዕስ አላቸው፣ ረድፍ አላቸው፣ ቁጥር ግን የላቸውም። ኃላፊውና የጥገና ባለሙያው ፊት ዘረጋኋቸው። ከዚያ በእርሳስ የውሸት ቁጥር እየሞላሁ እጠይቃለሁ፦ «እዚህ ጋ ከፍተኛ ቁጥር ቢመጣ ምን ያደርጋሉ? ዝቅተኛ ቢመጣስ?»

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ «ሥልጠና የወሰዱ የውሃ ኮሚቴ አባላት ብዛት» ነበር። ከፍተኛ ቁጥር ጻፍኩ። ኃላፊው «ጥሩ፣ ሥልጠናው ይቀጥላል» አለ። ደምስሼ ትንሽ ቁጥር ጻፍኩ። «አሃ፣ እንግዲያው ሥልጠና ያስፈልጋል» አለ። ተያየን። ራሱ ነው ቀድሞ የሳቀው። ሠንጠረዡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ያ ጥያቄ ቀረ።

ሁለተኛው «ፓምፑ የቆመው መለዋወጫ ጠፍቶ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?» የሚል ነው። እዚህ ላይ መልሱ ተለያየ። መለዋወጫ ጠፍቶ ከሆነ ሁለቱን መጋዘኖች ይከፍታል። በሌላ ምክንያት ከሆነ አይከፍትም። ይህ ጥያቄ ይኖራል።

እንዲህ እያልን 11 ሠንጠረዥ ይዘን ገብተን አራት ይዘን ወጣን። የጥገና ባለሙያው በሩ ላይ «እስከ ዛሬ ስንት ፎርም የሞላነው ለዚህ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጋቢት 27

ዓመታዊው መድኃኔ ዓለም ነው። ለሙከራ የወጣነው ሆን ብለን ዛሬ ነው። በልግ እርሻ ላይ ያለ ገበሬን በሥራ ቀን ብትፈልገው አታገኘውም፤ ብታገኘውም ልቡ አንተ ጋ አይሆንም። በዓል ሲሆን እርሻ የለም። የከተማ ሰው የመስክ ቀን ሲያወጣ በዓላትን ይሸሻል። እኔ ወደነሱ እሄዳለሁ።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ሰፈሩ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ መፍቻ ይፈታል፤ ውስጡ ያለችውን ቀለበት የመሰለች ጎማ ለመቀየር ቱቦውን በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። ቢሆንም መፍቻው የት እንዳለ ስንጠይቅ «ቀበሌ ጽህፈት ቤት፣ ሳጥን ውስጥ» ተባልን። ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ነው።

የኮሚቴዋን ገንዘብ ያዥ አነጋገርን። እድሜያቸው ከእናቴ ጋር እኩል ይሆናል። የመዋጮውን ብር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። መጠይቃችን ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፓምፑ በአሁኑ ሰዓት ይሠራል?» ይላል።

«ይሠራል ልጄ» አሉ።

መረጃ ሰብሳቢው «አዎ» የሚለውን ነካና ወደ ሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል አስቆምኩት። «እማማ፣ እስቲ ቢያሳዩን» አልኩ። እጀታውን ይዘው ይገፉ ጀመር። ውሃ የለም። ይገፋሉ። እየቆጠርኩ ነው። 47ኛው ላይ ውሃ መጣ። ላባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው «ትንሽ ያስለምናል እንጂ ይሠራል» አሉኝ።

ያስለምናል! ከታች ያለው ቫልቭ ወይም ጎማው ሲያረጅ ውሃው ወደ ታች ይመለሳል። ስለዚህ በየጊዜው እንደ አዲስ መሳብ አለብህ። የኛ መጠይቅ ግን ያን ፓምፕ «አዎ» ብሎ መዝግቦት ነበር። እንዲህ ከሚመዘገብስ ጨርሶ ባይመዘገብ ይሻላል፤ ነገ ጠዋት የሚቆም ፓምፕ ጤነኛ ተብሎ ይቆጠራል።

ይህን ተመራማሪዎችም አይተውታል። በኢትዮጵያ፣ በዩጋንዳና በማላዊ በእጅ ፓምፖች ላይ የተሠራ ጥናት ያሳየው፣ «ይሠራል» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገህ በተረጎምከው ቁጥር የሚሠሩት ፓምፖች ቁጥር እየወረደ እንደሚሄድ ነው። አንዱ መለኪያቸው በደቂቃ 10 ሊትር ነው። ይህን ወደ ሰፈር ቋንቋ ስመነዝረው፣ የ20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ደቂቃ መሙላት አለበት ማለት ነው።

ወዲያው ሞከርነው። ቢጫዋ ጀሪካን፣ የስልኬ ሰዓት። ሦስት ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ።

ማታ መጠይቁን ቀየርኩት። «ይሠራል ወይ» የሚለው ወጣ። በቦታው ሁለት ቁጥር ገባ፦ ውሃ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ተገፋ፣ ጀሪካኗ በስንት ደቂቃ ሞላች። ሁለቱንም ማንም ሊለካው ይችላል፤ ማንም ሊከራከርበት አይችልም።

ሚያዝያ 29

ፋሲካን አሳልፈን ከሚያዝያ 20 ጀምሮ መስክ ነበርን። 29 ፓምፕ አየን። ዝናቡ ሁለት ቀን አግቶናል። ከዚያ ሌላ የምጽፈው ብዙ የለም፤ መንገድና ጭቃ ነው።

ዛሬ ዳታውን ከፈትኩ። አንድ ፓምፕ ከመሰበሩ እስከ መጠገኑ 2,800 ቀን ወስዷል ይላል። ሌላውም እንዲሁ። ፕሮጀክቱ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው!

ትንሽ ፈራሁ። ከዚያ በጣቴ ስቆጥር ገባኝ። 2,800 ቀን ማለት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ ነው። ታብሌቱ ቀን የሚቀበለው በፈረንጅ ነው። ሰዎቹ የተሰበረበትን የነገሩን በኛ ነው። ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዱ የተሰበረበትን ቀን ሳይቀይር በኛ አስገብቶ፣ የተጠገነበትን ደግሞ ከጠጋኙ ደረሰኝ ላይ በፈረንጅ ቀይሮ አስገብቷል። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ፓምፕ ሰባሪ ሆነ።

ልጁን አልተቆጣሁትም። መሣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ቁጭ ብለን ወረቀት ማስታወሻዎቹን እያየን እናርማለን። በነገራችን ላይ የገጠር ሰው ቀኑን ሲነግርህ ቁጥር አይጠራም። «ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት»፣ «ለሁዳዴ ቅበላ ሰሞን» ይልሃል። ከዚህ በኋላ መጠይቄ ላይ የበዓላት ዝርዝር ይኖራል፤ ወደ ቀን መቀየሩ የኔ ሥራ ይሆናል።

ግንቦት 6

ዋናው ነገር ዛሬ ወጣ።

የጽህፈት ቤቱ መዝገብ ፓምፕ በአማካይ በጥቂት ቀን ይጠገናል ይላል። ሰፈሩ ግን ሳምንታት ይላል። መጀመሪያ ከሁለት አንዱ ይዋሻል ብዬ ነበር። ማንም አልዋሸም። ሰዓታቸው የሚጀምረው ከተለያየ ቦታ ነው።

የእማማን ፓምፕ ታሪክ ቀን በቀን ልጻፈው። ጥር 22፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ጎማው ተበላ፤ ፓምፑ ቆመ። እንግዳ ቤት ሙሉ ስለነበር ቀኑን አይረሱትም። በሁለተኛው ቀን ለቀበሌ ተናገሩ። ቀበሌው ለወረዳ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ደብዳቤው ማህተም ይፈልጋል። ማህተሙ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሄዷል። የካቲት 6 ደብዳቤው ተጻፈ። ወደ ወረዳ የሚወርድ ሰው እስኪገኝ ተጠበቀ። የካቲት 11 ወረዳ ደረሰ። የካቲት 13 ጠጋኙ ሄዶ ሠራው።

መዝገቡ ላይ፦ ሁለት ቀን። ሰፈሩ ላይ፦ 21 ቀን። ጠጋኙ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ፈጣን ነው። ሌሎቹን ፓምፖች ስንከታተል ብዙዎቹ ላይ ያው ነገር ተደገመ። መለዋወጫ ጠፍቶ የቆመ ፓምፕ ጥቂት ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ማህተም በመጠበቅ ነው።

ሴፍቲ ኔት ትዝ አለኝ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. እንደተጀመረ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ሲገመግመው፣ በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ሆኖ ነበር የተገኘው። እዚያ ቢቆሙ ኖሮ «አልሠራም» ብለው ይዘጉት ነበር። ግን ሊያገኙት ከሚገባው ክፍያ ቢያንስ ግማሹ የደረሳቸውን ለይተው ሲያዩ፣ እነሱ ዘንድ የምግብ ዋስትናው ተሻሽሎ ተገኘ። «ይሠራል ወይ?» ከማለትህ በፊት «ደርሷል ወይ?» በል። እኔም ዛሬ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ በትንሿ ወረዳ፣ በትንሿ ፓምፕ።

ከሰዓት በኋላ መጋዘን ሄድኩ። ሠራተኛው መደርደሪያውን አሳየኝ። ጎማዎቹ በላስቲክ ከረጢት ተደርድረዋል። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጥቁር፣ ቀለበት የመሰለች፣ ከመዳፌ ያነሰች ነገር።

«ኮሚቴው ደውሎ፣ ጠጋኙ መጥቶ ቢጠይቅህ አትሰጠውም?»

«ደብዳቤ ከሌለ ሞዴል 22 አልቆርጥም።» ሞዴል 22 ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣበት ደረሰኝ ነው።

«ጎማ እኮ ናት።»

«ጎማም ትሁን ሞተር፣ ንብረት ንብረት ነው። ኦዲት ሲመጣ አንተ ትመልስልኛለህ?»

አልመልስለትም። ልክ ነው።

ግንቦት 14

ኃላፊው ተቀየረ። ሌላ ጽህፈት ቤት ሄዷል። ትናንት ተነገረው፣ ዛሬ ዕቃውን ሰብስቧል። ሦስቱን ውሳኔዎች በጣቱ የቆጠረልኝ፣ በባዶ ሠንጠረዥ የሳቀው ሰው የለም።

ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ነበር። ምክንያቱም ይህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ወረዳ ላይ ኃላፊ ወንበሩን ሳያሞቅ እንደሚነሳ ማን ያጣዋል? እኔ ግን ግማሹን ጉልበቴን አንድ ሰው ላይ አፈሰስኩት። ያዳነኝ የጥገና ባለሙያው ነው። እሱ የፖለቲካ ሹመት የለውም፤ ዓመታት እዚያው ነው። ማታ ሻይ ቤት ተገናኘን። ባዶ ሠንጠረዦቹን ከቦርሳው አወጣ። አላጠፋቸውም። አዲሷን ኃላፊ ነገ ራሱ ሊያስረዳልኝ ቃል ገባ። «አንተ ብትነግራት የፕሮጀክት ወሬ ነው። እኔ ስነግራት የቢሮ ሥራ ነው» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ግንቦት 22

መጻፍ። ካናዳ ውስጥ የጤና ጥናት ሰዎች ያስለመዱት አንድ ልክ አለ፦ አንድ ገጽ ዋና መልእክት፣ ሦስት ገጽ ማጠቃለያ፣ 25 ገጽ ሪፖርት። እሱን ነው የምከተለው። 25ቱ ቀላል ነው። አንዱ ገጽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ረቂቅ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦ «የግምገማው ግኝት እንደሚያመለክተው የጥገና ምላሽ አሰጣጥ ሥርዓቱ የቅንጅት ክፍተት የሚስተዋልበት ከመሆኑ አንጻር ትኩረት ተሰጥቶት ሊሠራበት ይገባል።» ለባለቤቴ በስልክ አነበብኩላት። «ታዲያ ምን ሆነ?» አለችኝ።

አሁን እንዲህ ይላል፦ «ፓምፕ ተሰብሮ ከሚቆይበት ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በጥገና ሳይሆን ደብዳቤና ማህተም በመጠበቅ ነው። መለዋወጫ አልጠፋም።» ከሥሩ የእማማ ፓምፕ ቀናት በአንድ መስመር ተስለዋል። ከዚያ ሦስቱ ውሳኔዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አማራጭ። «ይመከራል» የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት አንዴ ብቻ ነው። (እሱም ስህተት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ ግንቦት 29 ላይ ጽፌዋለሁ።)

ግንቦት 29

ስብሰባው። አዲሷ ኃላፊ፣ የጥገና ባለሙያው፣ የበጀት ባለሙያው፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ሁለት የቀበሌ ሊቀመናብርት፣ እና እማማ። ፕሮጀክተር አልያዝኩም። ለሁሉም አንዷን ገጽ አደልኩና ዝም አልኩ። አምስት ደቂቃ ሰው አነበበ። ስብሰባ ላይ ዝምታ ያስፈራል፤ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ለእማማ የጥገና ባለሙያው በሹክሹክታ አነበበላቸው።

ኃላፊዋ ቀና አለችና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች። «ስንት ብር ነው?»

አልነበረኝም። ሦስት ወር ስለ ውሳኔ ሳወራ ከርሜ፣ ለበጀት ሰዎች ብር ያልተጻፈበት ወረቀት ሰጠሁ። የቤንዚኑ፣ የአበሉ፣ የጎማው ዋጋ ሁሉም ደብተሬ ውስጥ አለ። አልደመርኩትም። በአንድ ማለዳ የሚያልቅ ሥራ ነበር። «ለነገ አደርሳለሁ» አልኩ፤ ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ አንዱ ሊቀመንበር ነገሩን ወደ ኮሚቴዎቹ ወሰደው። ኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት ይጎድለዋል፣ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል፣ ወዘተ። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ብር ያወጣሉ ብዬ ነበር። ያቺን የተበላች አሮጌ ጎማ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አላዘዝኳቸውም፤ መያዛቸውንም አላውቅም።

«ለዚህች ነው ሦስት ሳምንት ወንዝ የወረድነው?» አሉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም።

ጎማዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ስለ ግንዛቤ የሚያወራ ጠፋ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ምክረ ሐሳቤ «የንብረት አወጣጥ መመሪያው ይሻሻል» የሚል ነበር። የበጀት ባለሙያው ፈገግ አለና «ይህ እኮ የወረዳ ሥልጣን አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ነው የመከርኩት። መፍትሔው የመጣው ከመጋዘን ሠራተኛው ነው። ኮሚቴው ይደውል፤ የጥገና ባለሙያው ጥሪውን በመዝገብ ይጻፍና ይፈርም፤ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ሞዴል 22 ይቆረጥለት፤ የቀበሌው ደብዳቤ በወሩ መጨረሻ ተጠቃሎ ይምጣ። «እኔ የምፈልገው የሚፈርም ሰው ነው እንጂ ማህተም አምልኬ አይደለም» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱን እንደ እንቅፋት ስጽፈው ነበር።

ሁለተኛው ውሳኔ በአሥር ደቂቃ አለቀ። መለዋወጫ ስላልጠፋ ሁለቱ መጋዘኖች አይከፈቱም። ሦስተኛው፣ የመዋጮው ነገር፣ ጭቅጭቅ ሆነና አደረ። መዋጮ የማይሰበስቡት አንዳንዶቹ በጣም ድሃ ሰፈሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አይደሉም። የኔ ዳታ እነዚህን ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ እዚያ ላይ አልረዳኋቸውም።

ሰኔ 9

የብሩ ሒሳብ በማግስቱ ደርሷል። ዛሬ ረቂቅ በጀቱ ላይ የጠጋኞች ቤንዚን የሚል መስመር እንደገባ የጥገና ባለሙያው ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የጠየቁት የተሰጣቸው አይመስለኝም፤ ምክር ቤቱ ገና አላጸደቀውም። መስመሩ ግን አለ።

ሰኔ 26

ሙሉው ሪፖርት ገባ። 25 ገጽ፣ አባሪው ለብቻው። ከለጋሾቹ የመጣው የመጀመሪያ አስተያየት «ትስስር የሚለው መመዘኛ ለምን አጠረ?» የሚል ነው። ሁለት አንቀጽ ጨመርኩ። የክትትል ባለሙያዋ የሳቅ ምልክት ብቻ ላከችልኝ።

ሐምሌ 22

ውሌ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ለመጋዘን ሠራተኛው ደወልኩ።

«እንዴት ነህ ወዳጄ? ጥሪው ይሠራል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከሰኔ ወዲህ አራት ጎማ ወጥቷል።»

«በስልክ?»

«ሦስቱ በስልክ። በማግስቱ ነው የተሠሩት።»

«አራተኛውስ?»

ሳቀ። «አራተኛው ሰውዬ በዚህ ዝናብ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ በእግሩ መጣ። ደብዳቤ ይዞ። ማህተም አለበት።»